ለዳኛው ውሃ መርጨት

በእኛ ላውንደሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ የተኮሱ ሰው አሉ፤ ጋሼ እንፋሎት እንላቸዋለን። የመዝገብ ስም አላቸው፣ ግን በዚያ ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን የጡረታ ቢሮ ሰው መጥቶ በሙሉ ስማቸው ቢጠይቀን "እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ አይሠራም" ብለን ልንመልሰው ነበር። እሳቸው ራሳቸው ከውስጥ ሆነው "እውነታቸውን ነው፣ የለም" አሉት፤ ከዚያ ሳቃቸው አጋለጣቸው።

ስለ እርጥበት እንደ ጋሼ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። የሱፍ ኮት ሲቀርብላቸው በዓይናቸው አይጠቀሙም። የእጃቸውን ጀርባ ጠጋ ያደርጉና "ይሄ ገና ነው፣ ብብቱ ውሃ ይዟል" ይላሉ። ገልብጠን ብንዳስሰው እውነትም ይዟል። ሐር በምን ያህል እንፋሎት እንደሚለሰልስ፣ የጥጥ ሸሚዝ ስንት ርጭት ጠጥቶ ካውያ እንደሚቀበል፣ ከባድ መጋረጃ ስንት ሰዓት ተሰቅሎ እንደሚደርቅ በቆዳቸው ነው የሚያውቁት። እኔ ከፊት ቆሜ ልብስ እቀበላለሁ፣ ደረሰኝ እጽፋለሁ። ስለዚህ እሳቸውም "ደረሰኝ" ይሉኛል። ቤታችን ጎን ለጎን ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሄደን አብረን ተመልሰናል።

ባለቤታቸው ቲቸር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባዮሎጂ አስተምረዋል። የሰፈሩን ግማሽ አሳልፈዋል፣ ግማሹን ጥለዋል። እኔ ከጣሏቸው ወገን ነኝ፤ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳያቸው ይጠይቁኛል ብዬ የልብን ክፍሎች በሆዴ እደግማለሁ። ልጅ አልወለዱም። ጡረታ ሲወጡ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ይዘው የወጡት አንድ እስስት ነው፤ የተካቸው አስተማሪ "እኔ ከዚህ ፍጡር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አልተነፍስም" ስላለ። ስሙን ተማሪዎቹ ናቸው ያወጡለት፦ ዳኛው። አንዱን ዓይኑን ወደ ከሳሽ፣ ሌላውን ወደ ተከሳሽ አዙሮ ያዳምጣል፤ ለመወሰን ግን ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

ዳኛው የሚኖረው ሳሎኑ ጥግ፣ የአሥር ዓመት ልጅ የሚያህል ቁመት ባለው ሳጥን ውስጥ ነበር። ፊቱ መስታወት፣ ጎኑና ላዩ የሽቦ ወንፊት ነው። ውስጡ በማሰሮ የተተከለ ቅጠላም ዛፍ፣ ከላይ መብራት፣ መስታወቱ ላይ ደግሞ የእጅ ሰዓት የምታህል ክብ የእርጥበት መለኪያ አለች። ከመለኪያዋ ሥር ቲቸር በዚያ ጥቁር ሰሌዳ በለመደ እጃቸው የጻፉት ወረቀት ተለጥፏል፦ "ጧት ሰማንያ። ቀትር አርባ። ማታ ሰማንያ።"

አንድ ጊዜ በጨዋታ መሀል "ቲቸር፣ ሳጥኑ አንዱን ቁጥር ይዞ ቢውልስ ምን አለበት?" ብያቸው ነበር። አይ የኔ ነገር! አስቀምጠው አስተማሩኝ።

"ስሚ። ይሄ እንስሳ የተፈጠረው ሌሊት ጤዛ በሚወርድበት፣ ቀን ግን ፀሐይ በሚያደርቀው ዛፍ ላይ ነው። እርጥበቱ መውጣትም መውረድም አለበት። ሁልጊዜ ደረቅ ከሆነ ቆዳው አይገፈፍለትም፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል። ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ደረቱን ይይዘዋል። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"እንግዲያ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላቸው። በሕይወቴ ከእሳቸው ሙሉ ማርክ ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

ዳኛው ከሳህን አይጠጣም፤ ቅጠል ላይ ያረፈች ጠብታ ካላየ ውሃ መኖሩንም አያምንም። ስለዚህ ቲቸር ጧትና ማታ በመርጫ ጠርሙስ ቅጠሉን ፍስ ፍስ ያደርጉለታል። እሱም ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ እግሩን እያወዛወዘ ይመጣና ጠብታዋን ይልሳል። ይሄን ሲያደርግ ቲቸር ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ጋሼም በሩ ላይ ጫማቸውን ግማሽ አውልቀው ይቆማሉ። ሁለት አዛውንቶች አንድ እስስት ውሃ ሲጠጣ እያዩ እንዲህ ደስ ሲላቸው እኔም ምኑ እንደሆነ ሳላውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

የቲቸር መርሳት የጀመረው በቁልፍ ነው። ቀጥሎ የምድጃ እሳት። ቀጥሎ የሰው ስም። ጋሼ ሐኪም ቤት ወስደዋቸው በተመለሱ ዕለት አንድ ሱሪ አራት ጊዜ ደጋግመው ተኮሱ። ከዚያ ምድጃውን ነቅለው እኛ ቤት አስቀመጡት። የውጩን በር ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱ። ምሳ ሰዓት እየሮጡ ቤት ይደርሱና ባለቤታቸውን አብልተው ይመለሳሉ።

ቲቸር መርጨት አልረሱም። የረሱት መርጨታቸውን ነው። ጧት ይረጫሉ፤ ጠርሙሱን ያስቀምጣሉ፤ ዞር ሲሉ ጠርሙሱን ያያሉ፤ "ውይ፣ ዳኛው ውሃ ሳያገኝ!" ብለው ደግሞ ይረጫሉ። እስከ ምሳ ሰባት፣ ስምንት ጊዜ። የመለኪያዋ መርፌ ከሰማንያ በታች መውረድ አቆመች። ከወር በኋላ ዳኛው ቀን ከሌት ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ አፉን ከፍቶ መቀመጥ ጀመረ። አፍንጫው ላይ አረፋ ታየ።

የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ አብሬ ሄድኩ፤ ካርቶኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወረፋው ላይ ከፊታችን ጥጃ፣ ከኋላችን ሁለት ውሻ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ አየና "አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲመጣብኝ ሦስተኛዬ ነው" አላቸው።

"ሁለቱ ዳኑ?"

"አንዱ።"

ሐኪሙ ማዳመጫውን አስጠግቶ ሰማ፤ አረፋውን በጥጥ ነካ። "ሳንባው ነው። ጠብታ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፣ ሁለት ሳምንት። ግን መድኃኒቱ ብቻውን ዋጋ የለውም። ሳጥኑ ይድረቅ። ጧት አንዴ፣ ማታ አንዴ ይረጭ፤ በመሀል አየር ይግባበት፣ ቅጠሉ ይድረቅ። ማነው ይሄን ያህል ውሃ የሚያጠጣው?"

እኔ አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ቀደሙኝ። "እኔ ነኝ" አሉ።

"የሚነከር ልብስ አይደለም እኮ አባባ።"

"ልክ ነህ ልጄ። ልብስ አይደለም።"

በማግስቱ ሥራ ቦታ አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ ጠርሙሱን ለምን አይደብቁባቸውም? ምድጃውን እንኳ ሰጥተውኝ የለ?"

ካውያውን አቆሙ። "አየሽ ደረሰኝ፣ ምድጃውን ወሰድኩባት። ቁልፉን ወሰድኩባት። መቀሱን፣ ብሩን፣ ስልኩን ወሰድኩባት። ጧት ስትነሳ 'ሥራ አለብኝ' ብላ የምትነሳው ለዚያ ጠርሙስ ነው። እሱን ብወስድባት ቁጭ ብላ ግድግዳ ልታይ ነው?"

ወደ ደረሰኜ ተመለስኩ።

መላ የፈጠሩት እዚያው ላውንደሪ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ የመርጫ ጠርሙስ ሞት ይታወቃል። የሸሚዝ አንገት ለማጠንከር የምንረጨው ስታርች አፍንጫው ውስጥ ይደርቅና ይደፍነዋል፤ ከዚያ ቢጫኑት ድምፅ ብቻ ነው። ጋሼ አንዱን አዲስ መርጫ ወሰዱና ሆን ብለው አፍንጫውን ስታርች ነከሩት፤ በካውያው ጫፍ አደረቁት፤ በመርፌ የፀጉር ያህል ቀዳዳ አወጡለት። ፍስ ፍስ ይላል፤ እጅ ላይ የሚደርሰው ግን ትንፋሽ ነው። "ልክ እንደ ሥራ አስኪያጃችን" አሉና ከልባቸው ሳቁ፤ ከወራት በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ከማድረቂያው ክፍል የተጣለች ትንሽ ማራገቢያም ጠግነው ከሳጥኑ ጎን አቆሙ። የተደፈነው መርጫ ለቲቸር ሆነ፤ ጧት ቲቸር ሳይነሱ፣ ማታ ቲቸር እጃቸውን ሲታጠቡ፣ በደህናው ጠርሙስ የሚረጩት ራሳቸው ሆኑ።

ደግሞም ሠራ! በአራተኛው ቀን አረፋው ጠፋ። በስድስተኛው ቀን ዳኛው አፉን ገጠመ። በዘጠነኛው ቀን ሁለት ፌንጣ በላ፤ ጋሼ ይሄን ሊነግሩኝ ፀጉራቸውን እንኳ ሳያበጥሩ በሬን አንኳኩ። "ሁለት!" እያሉ ሁለት ጣታቸውን ያሳዩኛል። ቀትር ላይ መርፌዋ አርባ አምስት። ቲቸር ቀኑን ሙሉ ፍስ ፍስ ሲያደርጉ ይውላሉ፣ ማንም አይጎዳም። ይሄ ሰው እርጥበትን አሸነፈ አልኩ በልቤ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የአንድ ሆቴል መጋረጃ መጣ። መቶ ሃያ ስምንት መጋረጃ፣ በማግስቱ የሚረከቡት። የላውንደሪው ሹፌር ገና ሳይነጋጋ የጋሼን በር ደበደበ፤ ጫማቸውን እያሰሩ ወጡ። መንገድ ላይ "ሳልረጭለት ወጣሁ" አሉኝ። "አንድ ቀን ነው፤ ምሳ ሰዓት እደርስለታለሁ።" ምሳ ሰዓት እንፋሎት ማመንጫው ፊት ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጁ ከአጠገባቸው ንቅንቅ አላለም። እኔም ደረሰኜን ትቼ መቶ ሃያ ስምንት መጋረጃ ስቆጥርና ሳጥፍ ዋልኩ። ሁለታችንም የወጣነው ከሌላው ቀን ሦስት ሰዓት ዘግይተን ነው። ጋሼ መንገዱን በሩጫና በእርምጃ መሀል ሄዱት፤ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ።

በሩን ሲከፍቱ ቲቸር ከሳጥኑ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ረጥቧል። ፊታቸው ግን እንደዚያ በርቶ ካየሁት ስንት ጊዜ ሆኖኛል።

"መጣህ? አስተካክዬዋለሁ፣ አትጨነቅ።"

"ምኑን?" አሉ ጋሼ።

"ሠላሳ ሁለት ገብቶ ነበር እኮ! ሠላሳ ሁለት! ቅጠሉ ወረቀት ሆኗል። ይሄ መርጫ ደግሞ ሞቷል፣ አየር ነው የሚተፋው። ታዲያ ከአርባ ሲወርድ ምንድን ነው የምናደርገው?" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው።"

"እ... አላውቅም ቲቸር።"

"ላዩን በላስቲክ እንሸፍናለን። እርጥበቱ እንዳያመልጥ። ከዚያ ውሃ እንጨምራለን።"

ጋሼ ከሥራ የሚያመጡት፣ የተተኮሰ ልብስ የምናለብሰው ያ ስስ ላስቲክ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አልብሶታል፤ ጠርዙ በፕላስተር፣ ሥርዓት ባለው እጅ፣ አንድ ክፍተት ሳይቀር ታሽጓል። ማራገቢያዋ ተነቅላለች። ወለሉ ላይ የውሃ ጆግ አለ። ጧት አድርገውታል፤ ረስተውት ደግሞ ጨምረዋል፤ ደግሞ ረስተውት ደግሞ ጨምረዋል። ማሰሮው ሞልቶ ፈስሷል። መብራቱ ከላይ እየጋለ ነው። መስታወቱ ነጭ ሆኖ ውስጡ አይታይም፤ መርፌዋ ከመጨረሻው ቁጥር አልፋ ቆማለች።

የተናገሩት ሁሉ ግን ልክ ነበር። መርፌዋም አልዋሸቻቸውም። ለደረቀ ሳጥን የሚደረገውን አንድ በአንድ፣ ሳያዛንፉ ነው ያደረጉት። ሳጥኑን ያደረቅነው እኛ ነን።

ጋሼ ላስቲኩን ቀደዱት። እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ወጣ። እጃቸውን አግብተው ከማሰሮው ሥር፣ ከጭቃው ላይ አነሱት። አመድ መስሏል። የእጃቸውን ጀርባ ደረቱ ላይ አስጠግተው ቆዩ፤ በጣም ቆዩ።

"እንዴት ነው?" አሉ ቲቸር።

ጋሼ ቲቸርን በአፋቸው ዋሽተው አያውቁም። ነገሯቸው። ቲቸር እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ ጋሼ ዳኛውን በሸሚዝ ካርቶን አድርገው ጓሮ ቀበሩት።

በማግስቱ ጧት ቲቸር ተነሱና መርጫውን አነሱ። "ዳኛው የት ሄደ?" ጋሼ ነገሯቸው። ቲቸር ጠርሙሱ ከእጃቸው ወድቆ እንደገና አለቀሱ፤ ልክ ያን ጊዜ እንደሰሙ፤ ለእሳቸው ያን ጊዜ መስማታቸው ነዋ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ያ ምስኪን እንስሳ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ሞተባቸው። ለጋሼ ደግሞ በየጧቱ ሞት ማርዳት ሥራ ሆነባቸው። ካውያ ፊት ቆመው የአንዲት ሴት ሐር ቀሚስ አቃጠሉ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያቸው።

በአራተኛው ቀን "ቅጠሉ ውስጥ ነው" ብለው ሞከሩ። ቲቸርን ግን በዚህ ማታለል ቀላል አይደለም። "ሰገራውስ?" አሏቸው። "የበላ ይወጣል። ምንም የለም እኮ እዚህ።" ጋሼ ነገሯቸው፤ ለቅሶው ተጀመረ።

እሑድ ረፋድ ላይ ዳቦ ይዤ መጣሁ። ቲቸር ከሳጥኑ ፊት ተቀምጠው ዝም ብለው ያያሉ። ጋሼ ከጎናቸው ወለሉን ይወለውላሉ። አንዳንድ ቀን ደመና እንደሚገለጥ የቲቸር ጭንቅላት ይገለጥላቸዋል፤ እንዲህ ያለው ሰዓት እየጠፋ ሄዶ ነበር። ያን ረፋድ መጣ።

"ሞቷል አይደል?" አሉ ቲቸር፣ ሳይዞሩ።

"አዎ።"

"እኔ ነኝ?"

ጋሼ መወልወያውን አስቀመጡ። "አንቺ አይደለሽም። መርጫሽን የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ በስታርች። ማራገቢያውንም ያቆምኩት እኔ ነኝ። ያየሽው መርፌ ልክ ነበር፣ ያደረግሽውም ልክ ነበር። ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ።"

"ለምን ደፈንከው?"

"ጠርሙሱን እንዳልነጥቅሽ ብዬ።"

እኔ ዳቦውን ይዤ በሩ ላይ፣ ልግባ ልውጣ ጨንቆኝ።

"ብትነግረኝ ኖሮ እኮ አልረጭም ነበር።"

"ነግሬሻለሁ። ብዙ ጊዜ።"

"እንዴ!" አሉና ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁ ግን ሳያልቅ ዓይናቸው ሞላ። የጋሼን እጅ ያዙ። "ስማኝ፣ ይሄ ጭንቅላቴ ሳለ ስማኝ። ነገ ይሄ ነገር እኔ ጋ አይኖርም። አንተ ጋ ግን ይኖራል። እንዴት አድርገህ ነው የምትችለው?"

"እንጃ።"

"ነገ ስጠይቅህ አትንገረኝ። ለዳኛው አልቅሻለሁ፣ በቃኝ።"

"ሰገራው የት አለ ትዪኛለሽ እኮ።"

"ጠራርጌዋለሁ በለኛ! ዕድሜህን ሙሉ የሰው እድፍ ስታነሳ ኖረህ ይቺ ታቅትሃለች?"

ዳቦውን ቆርሰን በላን። ቲቸር ከሰዓት በኋላ እኔን "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

ሰኞ ጧት ጋሼ የተደፈነውን መርጫ ጣሉት፤ ደህናውን ሰጧቸው። ዳኛው የት አለ ሲሉ "ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑን አሁን ጠራረግኩት" አሉ። ቲቸር ረጩ። አሁን እንደ ልባቸው ይረጫሉ፤ ሰባት ጊዜም፣ አሥር ጊዜም። የሚጎዳ የለም።

እኔ ግን የሚገርመኝ፣ ጋሼ አሁንም ምሳ ሰዓት እየሮጡ ይሄዳሉ፤ ባለቤታቸውን ካበሉ በኋላ የሳጥኑን በር ከፍተው፣ ማራገቢያዋን አብርተው፣ ቅጠል በቅጠል በጨርቅ ያደርቃሉ። መርፌዋ አርባ እስክትደርስ። አንድ ቀን አብሬ ሄጄ አላስቻለኝም፤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ "ጋሼ፣ ውስጡ ምንም የለም እኮ" አልኳቸው።

"እሷ መርፌውን ታነባለች" አሉኝ፣ ቅጠሉን ሳይለቁ።

ቲቸር ከወንበራቸው ሆነው "ስንት ደረሰ?" አሉ።

"አርባ።"

"ጎበዝ።"

ሥራ ተመለስን። ካውያቸውን አነሱ፤ ሸሚዝ ዘረጉ። እኔ ከፊት ሁለት ደንበኛ አስተናግጄ ዞር ስል ሸሚዙ እንደተዘረጋ ነው።

"ዛሬም ጧት ጠይቃኛለች" አሉኝ።

"ምን አሏቸው?"

"ቅጠሉ ውስጥ ነው አልኳት።" ካውያውን ከፍ አድርገው ያዙት፤ አላወረዱትም። "ደስ አላት።"